ላልመጣ ቺፕ ዋስ

አንዳንድ ሰው «ይህ ነገር ጥሩ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጥሩ ነው» ይልና ሻዩን መጠጣቱን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ሰላም በሉልኝ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ እሱን መሆን አልቻልሁም። እኔ ስጠየቅ በመጀመሪያ ከወንበሬ እነሣለሁ። ከዚያ «ጥሩ» የተባለው ለማን፣ በምን ሁኔታና እስከ መቼ እንደሆነ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተንጎራደድሁ እተነትናለሁ። ነፍሷን ይማርና፣ ባለቤቴ «ወጡ ጨው በዝቶበታል?» ብላ የጠየቀችኝ በተጋባን ሰሞን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ራሷ ቀምሳ ታቀርብ ነበር።

ይህ ጠባዬ ኮልፌ ውስጥ ማንንም ሳይጎዳ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ምክንያቱም የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማርሁት አንድ ኮምፒውተር አንድ ሙሉ ክፍል ይዞ በሚያጓራበት ዘመን ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ትምህርቴ የሚፈለገው የጎረቤት ፊውዝ ሲቃጠል ብቻ ሆነ። ስለ ፊውዝም ቢሆን የምናገረው አላጣሁም፤ ዳሩ ግን ሰዎች ጨለማ ውስጥ ቆመው ማብራሪያ መስማት አይወዱም።

ይህን ሁሉ ሳምሶን ለወጠው። ሳምሶን ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከአንድ እንጨት ሥራ ቤት አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ ጌም ቤት የከፈተ ጎልማሳ ነው። ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው እሱ ሲሆን፣ ቤቱን የምታስተዳድረው ባለቤቱ ሕይወት ናት። ሕይወት ተራው አልቆ ወንበር ያልለቀቀ ተጫዋች ስታስነሣ ድምፅ አታሰማም፤ አጠገቡ ሄዳ ትቆማለች፤ ይበቃል። ችግራቸው አንድ ነበር። በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያሉት የግራፊክስ ካርዶች፣ ማለትም የጨዋታውን ምስል የሚሠሩት ክፍሎች፣ ጃጅተዋል። ኳሷ መረብ ውስጥ ገብታ፣ ጎል ያገባው ተጫዋች ጨፍሮ፣ ጓደኛውን ሰድቦ ከጨረሰ በኋላ ነው በረኛው ተወርውሮ የሚወድቀው። ደንበኞች ይህን ታግሠው ታግሠው፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ወደ ተከፈተው ሌላ ጌም ቤት ይሄዱ ጀመር። እዚያ በረኛው በሰዓቱ ይወድቃል አሉ።

ሕይወት የዕቁብ ተራዋ ሲደርሳት «ካርዶቹን አሁኑኑ እንቀይር» አለች። ሳምሶን ግን ፍጹም አዲስ አሠራር ያለው የግራፊክስ ቺፕ፣ ማለትም የካርዱ አንጎል፣ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ አንብቦ ኖሮ «እሱን እንጠብቅ» አለ። ክርክሩ ሳይቆርጥለት አንድ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩት ይህንኑ አይደል? አዲሱ ቺፕ ተስፋ ያለው ይመስልዎታል?»

እስቲ ፍረዱኝ። ከፊውዝ በስተቀር ማንም ምንም ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው ነኝ። ተነሣሁ።

ለእሱ ያልሁትን ለእናንተ አሳጥሬ ላቅርበው፤ ለእሱ አላሳጠርሁለትም። በተለመዱት የግራፊክስ ቺፖች ውስጥ የሥራ ክፍፍል አለ። ከፊሉ ክፍል በፕሮግራም የሚታዘዝ ነው፤ ከፊሉ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን አንድ ሥራ ብቻ ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራ ነው። ያችን ሥራ በፍጥነትና በጥቂት ኤሌክትሪክ ይሠራታል፤ ሌላ ሥራ ስጡት ቢባል አይሞክረውም። አዲሱ ንድፍ እነዚህን ግትር ክፍሎች አስወግዶ ቺፑን በሙሉ በፕሮግራም በሚታዘዙ ትናንሽ አስሊዎች ሊሞላው ነው። የጨዋታው ደራሲ አሁን ቀለም ያስቀባቸውን አስሊዎች ወዲያው ብርሃን እንዲያሰሉ፣ ከዚያም የኳስ ተመልካቹን ፀጉር በነፋስ እንዲያወዛውዙ ሊያዝዛቸው ይችላል። ይህ ለጨዋታ ዓለም ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም ሁሉን ቻይ የሆነ ነገር በእያንዳንዱ ሥራ ከባለሙያው ሊዘገይ ይችላል። ሆኖም ኤሌክትሪክ ይበላል። ሆኖም የጨዋታ ደራሲዎች ሥራቸውን ለእሱ ብለው እንደገና መጻፍ አለባቸው፤ ደራሲዎቹ ደግሞ ገዢ እስኪበዛ ይጠብቃሉ፤ ገዢዎቹም ጨዋታ እስኪጻፍ ይጠብቃሉ።

ሳምሶን ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ተስፋ ሰጪ ነው» የምትለዋን ብቻ ይዞ ሄደ። ሆኖሞቼን በሙሉ ወንበሩ ላይ ትቷቸው ነበር። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በዚያን ዕለት ከአንድ ተማሪ ጋር የተለያየሁ መምህር እየመሰለኝ ብቻዬን እስኪመሽ ስንጎራደድ ቆየሁ።

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ መጣ።

«ጋሼ፣ ሕይወት ሳንሱሲ እናቷ ዘንድ ሄደች።»

«ለጥየቃ?»

«ከነሻንጣዋ።»

እስከ ሰኞ ድረስ ካልወሰነ የዕቁቡን ገንዘብ በእናቷ የበርበሬ ንግድ ላይ አውላ እዚያው እንደምትቀር ነግራው ነው የወጣችው። ሕይወት ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ይህን የማያውቅ የኮልፌ ተጫዋች የለም።

«ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «እርስዎን ታከብራለች።»

ሽምግልና ብቻውን አይኬድም፤ ሁለት ሰዎች ፈለግሁ። የመጀመሪያው የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ በላቸው ናቸው፤ የጎጃም ሰው፣ በጡረታ ላይ ያሉ የከባድ መኪና ሾፌር፤ ከሕይወት እናት ጋር የአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ። ሁለተኛው አቶ ኤርሚያስ ናቸው፤ ሳምሶን በሚያመልክበት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ተቆጡ ሲባል ተሰምቶ የማያውቁ። አንዱ ለእሷ ወገን፣ አንዱ ለእሱ ወገን፤ እኔ ደግሞ እንደ ምሁርነቴ መሐል ላይ። ሚዛኑ ያማረ መሰለኝ። እንዲያውም ለራሴ «የተጣሉት በቺፕ ነው፣ የምትሄደው አንተ ነህ፤ ከዚህ የተሻለ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?» አልሁት።

እሑድ ሁለቱም ከየጸሎታቸው ሲመለሱ ተገናኝተን የሳንሱሲን ታክሲ ያዝን። ሳምሶን በሩ ሥር ኩርምት ብሎ ተቀመጠ፤ ሦስታችን ከኋላው ተደረደርን። ጠብ ሊያበርድ የሚሄድ ሰው የጠቡን ምክንያት ማወቅ አለበትና ጋሽ በላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንጂነር፣ ይኼን ቺፕ የሚሉትን ነገር እስቲ በአጭሩ ያስረዱን።»

ታክሲ ውስጥ ቆሞ ማስረዳት እንደማይቻል የተገነዘብሁት ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሲመታው ነው። ተመልሼ ተቀመጥሁና ምሳሌ ፈለግሁ።

«ድግስ ነው እንበል» አልሁ። «በድሮው ቺፕ ሽንኩርት ከታፊዋ ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋ ለብቻ፣ አሳላፊዋ ለብቻ ተመድበዋል። እያንዳንዷ በሥራዋ ፈጣን ናት፤ ሽንኩርቱ ካለቀ ግን ከታፊዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። በአዲሱ ቺፕ ሁሉም ለሁሉም ሥራ ይታዘዛሉ። ሽንኩርት ሲያልቅ ከታፊዋ ተነሥታ ወጥ ትሠራለች።»

«ማን አዝዟት?» አሉ ጋሽ በላቸው።

«ፕሮግራሙ። ይኸውም ጨዋታውን የጻፈው ሰው።»

«እሱ የት ነው ያለው?»

«ውጭ አገር።»

«ድግሱ ኮልፌ፣ አዛዡ ውጭ አገር!» ጋሽ በላቸው ጉልበታቸውን መቱ። «አርሮ ከሰል ይሆናል እንጂ!»

«ከታፊዋስ» አሉ አቶ ኤርሚያስ በለስላሳ ድምፃቸው «ፈቃደኛ ናት?»

ይህን ስመልስ ከፊታችን የተቀመጡት ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ዞር አሉ። «አባቶቼ፣ ሳልፈልግ ጆሮዬ ገብቶ ነው። እኔ ድግስ ሳበስል ነው የኖርሁት። ሁሉም ሁሉን ይሥራ ከተባለ ድስቱን የሚያማስል አይገኝም።»

«እናቴ፣ ስለ ግራፊክስ እኮ ነው የሚያወሩት!» አለ ከጎናቸው ያለ ወጣት፣ ከጆሮው ማዳመጫውን ነቅሎ። «እኔ ብሆን እጠብቃለሁ። ስልኬን ቸኩዬ በገዛሁ ማግሥት ነው አዲሱ የወጣው። እስካሁን ያንገበግበኛል።»

«ተው አንተ!» አለ ጋቢና የተቀመጠ ሰውዬ ሳይዞር። «እኔ ስጠብቅ ስጠብቅ ነው ሳላገባ የቀረሁት። ይግዙ!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ሳቀና ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ወንበር «ይጠብቁ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከመሐል «ይግዙ» ተባለ፤ ሴትዮዋ «ድስቱን» እያሉ ሁለቱንም ይቃወማሉ። ሳምሶን በሩ ሥር ሆኖ የትዳሩ ጉዳይ እንዲህ በሕዝብ ሲወሰን አንገቱን ወደ ትከሻው ውስጥ ያስገባ ነበር። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን በትክክል እንዳላስቀመጡት ለማረም ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፤ ጣሪያው ሦስት ጊዜ አስቀመጠኝ።

ረዳቱ በመጨረሻ ሥርዓት አስያዘን። «ጠብቁ የምትሉ በቀኝ፣ ግዙ የምትሉ በግራ፤ ሒሳብ ግን ሁላችሁም!»

ሾፌሩም ዝም ማለት አቅቶት «ግዙ ባካችሁ!» ብሎ ወደ ኋላ ሲዞር ፌርማታችንን አልፎ ሄደ። ሦስት ሽማግሌና አንድ ባል ዳገቱን በእግራችን ተመለስን።

የሕይወት እናት ወይዘሮ አልማዝ በር ላይ ተቀበሉን። እኛን ሽማግሌዎቹን ረጅሙ ሶፋ ላይ አስቀመጡን፤ ሳምሶን በርጩማ ተሰጠው። ሕይወት ከእናቷ ጎን፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጋሽ በላቸው «አባታችን ሆይ» ብለው ጸሎቱን ከፈቱ፤ አቶ ኤርሚያስ በራሳቸው ጸሎት ዘጉት። ሚዛን እስከዚህ ድረስ ተጠብቆ ነበር።

«የመጣነው ለሰላም ነው» አሉ ጋሽ በላቸው። «ልጄ ሕይወት፣ ምን በደለሽ?»

«አልበደለኝም» አለች። «አይጠጣ፣ አይሰክር፣ እጁን አያነሣ። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጠዋት ተነሥቶ ይጠብቃል። ደንበኛ ሲወጣ እያየ ይጠብቃል። ምሳ ስናቀርብ ሹሮውን በእንጀራ እየጠቀሰ ‹ይህ ግትር ክፍል ነው፣ ይህ ታዛዥ ክፍል ነው› እያለ ያስረዳኛል። እኔ ሹሮ ነው የሠራሁት!»

አቶ ኤርሚያስ ወደ በርጩማው አዩ። «ሳምሶን፣ ለምን ትጠብቃለህ?»

«ጋሼ እንዳሉት የቺፑ አሠራር በሙሉ ሊለወጥ ስለሆነ ነው።»

«መቼ ነው የሚለወጠው?»

«ጋሼ እንዳሉት ጊዜው በትክክል አይታወቅም።»

«ደንበኞችህ እየሄዱ አይደለም?»

«ጋሼ እንዳሉት አዲስ ንድፍ ተስፋ ሰጪ ሲሆን—»

«አያችሁ?» አለች ሕይወት፣ ተነሥታ። እጇን ወደ ሶፋው ዘረጋች፤ የዘረጋችው ወደ እኔ ነው። «እኔ እኮ ከባሌ ጋር አልተጣላሁም። የተጣላሁት ከሽማግሌው ጋር ነው!»

ጋሽ በላቸው ቀስ ብለው ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። የጭነት መኪና ፍሬን ሲበላሽ እንዲህ ሳያዩት አይቀሩም።

«ኢንጂነር፣ ይህን ልጅ አስጠብቀውታል?»

«አላስጠበቅሁትም። የንድፉን ጥቅምና ጉዳት በሚዛናዊነት—»

«ይነሡ» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ከሳሽ ተከሳሽ ካለ ተከሳሹ ከሽማግሌ ጎን አይቀመጥም። ሥርዓት ነው። ወዲያ፣ ከልጁ አጠገብ።»

ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ እኔው ራሴ በሌሎች ላይ ሳስከብረው ኖሬአለሁ። ወይዘሮ አልማዝ ሁለተኛ በርጩማ አመጡ። በዚህ ዕድሜ በርጩማ ላይ መቀመጥ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው፤ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኘ። ሳምሶን ጠጋ አለልኝና «አይዞዎት ጋሼ» አለኝ። አይዞዎት ያለኝን ልጅ ላስታርቅ ነበር የመጣሁት።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ በላቸው፣ ከእኔ በተለቀቀው ቦታ ላይ ዘና እያሉ፣ «አጭር ጥያቄ። ይህ ቺፕ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

ተነሣሁ። «‹መምጣት› ስንል ለዓለም ገበያ መቅረቡን ነው ወይስ—»

«ይቀመጡ። መጥቶስ ጥሩ ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

«ያ የሚወሰነው የጨዋታ ደራሲዎች—»

«ይቀመጡ! ተቀምጠው ይናገሩ!»

ተቀምጬ መናገር አልችልም፤ አልፈጠረብኝም። ስነሣ ያስቀምጡኛል፤ ስቀመጥ ቃሉ ይጠፋኛል። ወይዘሮ አልማዝ ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው «እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «መብራት ሲጠፋ አዲሱ ይሠራል?»

«አይሠራም» አልሁ።

«የድሮውስ?»

«እሱም አይሠራም።»

«ታዲያ በምን ተለያዩ?» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ በላቸው በሽምግልና ዘመናቸው ሁሉ ያልከዳቸውን መድኃኒት አወጡ፤ መሐል መንገድ። «ግማሹን ኮምፒውተር አሁን ይቀይሩ። ግማሹ ይጠብቅ። እሷም ግማሽ ትርታ፣ እሱም ግማሽ ይርታ።» በዚህ መንገድ የአጥር ወሰን፣ የውርስ ድስት፣ የአሸዋ ጭነት አስታርቀዋል።

«ጋሽ በላቸው» አለች ሕይወት «ያን ጊዜ ደንበኛው ሁሉ አዲሱ ላይ ካልተቀመጥሁ ብሎ ይቧቀሳል። በየቀኑ ለሽምግልና ጌም ቤቱ ሊመጡልኝ ነው?»

መሐል መንገድ ሲከዳቸው ያየኋቸው በዚያች ዕለት ብቻ ነው። የተኳቸው ለስላሳው አቶ ኤርሚያስ ናቸው።

«እኛ ሰው ስናስታርቅ ዋስ እናስጠራለን» አሉ። «ባል ቢል፣ ሚስት ብትል፣ ‹ለቃልህ ዋስ ጥራ› እንላለን። ይህ ቺፕ እመጣለሁ ብሏል፤ መልካም። ዋስ ይጥራ። ኢንጂነር፣ ይህ ቺፕ ባይመጣ፣ ወይም መጥቶ ጨዋታ ሳይጻፍለት ቢቀር፣ የእነዚህ ልጆች ትዳርም እሱን ሲጠብቅ ቢፈርስ፣ እርስዎ ዋስ ሆነው ይጠየቁበታል?»

ሳምሶን ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ያችን ከሰዓት በኋላ ሙሉ የሰማኝ ዓይን ነው፤ ያለኝ አንድ ተማሪ። ሕይወትም ታየኛለች፤ ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈዋል። ሻንጣዋ ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ ገና አልተከፈተም።

ለመነሣት እግሬን ሰበሰብሁ፤ ተውሁት።

«አልሆንም» አልሁ።

ሁሉም ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ጠበቁ። ቀጣይ ዐረፍተ ነገር አልነበረም። ጋሽ በላቸው ታምሜ እንደሆነ ለማየት ወደ እኔ አጎነበሱ።

«ጋሼ» አለ ሳምሶን ቀስ ብሎ «ተስፋ የለውም ማለትዎ ነው?»

«አይደለም፤ ተስፋማ—» ብዬ ብድግ ልል ስል የጋሽ በላቸው እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የከባድ መኪና መሪ ሲጠመዝዝ የኖረ እጅ ነው። በርጩማዬ ላይ ተመለስሁ።

ሕይወት ከባሏ ፊት መጥታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ እንኳ ዋስ ያልሆኑለትን ነገር ነው አንተ እኔን አሳልፈህ ሰጥተህ የምትጠብቀው?»

«ቺፑን አይደለም» አለ ሳምሶን። «ያለሽን ሁሉ አውጥተሽ ገዝተን በሳምንቱ የተሻለው ቢወጣስ? ‹ሞኝ ባል አገባሁ› ትያለሽ ብዬ ነው የፈራሁት።»

«ሞኝ የምልህ እኮ ስትጠብቅ ነው!» አለችና ግንባሩን በመዳፏ ገፋ አደረገችው። አገፋፏን ያየ ሰው ሻንጣው ሳንሱሲ እንደማያድር ያውቃል።

የቀረው ሥርዓቱ ነበር። ካርዶቹ ሰኞ ይገዛሉ ተባለ። ሳምሶን አዲሱን ቺፕ በቤትም ሆነ በሥራ ቦታ ላያነሣ ቃል ገባ። ለቃሉ ዋስ ጥራ ተባለ። ለካ በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ጠራኝ። ለቺፑ ዋስ አልሆንም ብዬ ለባልየው አልሆንም ማለት አልቻልሁም፤ ሆንሁ። «ማንሣት» የሚለው ቃል በምልክትና በእጅ ስልክ ማሳየትን ይጨምር እንደሆነ እንዲብራራ ብጠይቅም ጋሽ በላቸው «ይብሉ ኢንጂነር» ብለው ወይዘሮ አልማዝ ካቀረቡት ማዕድ አንድ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተቱ። በሕይወቴ ንግግሬ በዚያ መልክ የተዘጋበት ጊዜ የለም።

ሰኞ ካርዶቹ ገቡ። በረኛው በሰዓቱ መውደቅ ጀመረ፤ ጦር ኃይሎች የኮበለሉት ደንበኞችም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሰው መጡ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዐርፌ እቀመጥ ነበር።

ነገር ግን ዋስ ነኝ፤ ዋስ ደግሞ የሚጠብቀውን ነገር ማወቅ አለበት። ስለ ቺፑ የሚወጣውን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። አንድ ቀን ታዲያ ስልኬ ላይ ዜናው ወጣ። ቺፑ መጥቷል። ፍጥነቱ በአንዳንድ ነገር የሚደነቅ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ከነባሮቹ የሚያንስ ነው። ኤሌክትሪክ ይበላል። ጥቂት የጨዋታ ደራሲዎች ለእሱ መጻፍ ጀምረዋል፤ ብዙዎቹ ገና እያዩ ነው። ከተናገርሁት ውስጥ በአንዲት ነገር እንኳ አልተሳሳትሁም! የተናገርሁት ሁሉ ከነሆኖሞቹ ትክክል ነበር፤ ይህንንም ልነግረው የምችል አንድም ሰው የለም። ሳሎኔን ከጥግ እስከ ጥግ ስለካው ዋልሁ።

በማግሥቱ ሳምሶን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ እኔ አላነሣሁም። ቃሌ ቃል ነው። ግን እርስዎ ራስዎ ቢያነሡትና እኔ ዝም ብዬ ብሰማ ውል ማፍረስ ይሆናል?»

«ይህ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ጉዳይ ነው» አልሁና ለመነሣት ራሴን ከለከልሁ።

«ለሕይወት ግን እንዳይነግሯት» ብሎኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሕይወት በሳህን የታሸ በሶ ይዛ መጣች። እሷም በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ያ ቺፕ ወጣ እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እየተከታተልሁ ነው። ከተከታተልሁ ምን ይላል? እኔ ቃል አልገባሁም። ጦር ኃይሎች ያሉት ቀድመውን እንዳያስገቡት ብዬ ነው። ለሳምሶን ግን እንዳይነግሩት፤ ከሰማ እንደገና ሹሮዬን ማስረዳት ይጀምራል።»

ስለዚህ አሁን የአንድ ባልና ሚስት ሰላም በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ባልየው ሚስቱ እንደማታውቅ ያምናል፤ ሚስቲቱ ባሏ እንዳልሰማ ታምናለች፤ የእውነተኛው መልስ ባለቤት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፣ ከነዝርዝሩ። ብናገር የዋስነቴን ቃል አፈርሳለሁ፤ ዝም ብል ደረቴ ይፈነዳል። ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ። መንገዱን ተሻግሬ ጌም ቤቱ ገብቼ ጥግ ላይ ባለች ወንበር ተቀመጥሁ። ቢያንስ ሁለቱም አብረው ሲሆኑ አንዳቸውም አይጠይቁኝም ብዬ ነው።

ይህን ያሰብሁት ስለ ሦስተኛ ሰው ሳላስብ ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ተራውን እየጠበቀ ስልኩን ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

«ሳሚ፣ ያ ሁለመናው በፕሮግራም ይታዘዛል የተባለው ግራፊክስ ወጣ መሰለኝ። እንዴት ነው፣ ይረባል?»

ሳምሶን ከኬብሉ ላይ ቀና አለ። ሕይወት ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ፊታቸው ላይ ምንም የማያውቁ ሰዎች ንጽሕና ነበረ። ከዚያም ሁለቱም በአንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ?» አለች ሕይወት።

«ጋሼ?» አለ ሳምሶን።

ተነሣሁ። ንግግሩ በሙሉ፣ ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው፣ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ነበር። አፌን ከፈትሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ተጫዋች ጨዋታ እየጀመረ ነበር፤ ጆይስቲኩን ከእጁ ወሰድሁበት።

«እስቲ እኔም ልሞክር» አልሁ።

በሕይወቴ ኳስ ነክቼ አላውቅም፤ በእግሬም በእጄም። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ማንንም አልጠየቅሁም። ያሉትን ሁሉ ተጫንሁ። ሰማያዊ የለበሱት ልጆች የእኔ መሆናቸውን ያወቅሁት ኳሷን በራሳቸው መረብ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ነው።

ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባጃጅ ነጂው ስልኩን ጥሎ አጨበጨበ። ሳምሶን ሆዱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ ሕይወት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትከሻው ላይ ተደገፈች። እንዲያ ተደጋግፈው ሲስቁ አየኋቸው፤ ዐይቼም አልጠገብሁም።

ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ባጃጅ ነጂው ስልኩን ከመሬት አነሣ፤ ወደ ሳምሶን ዞረ፤ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት።

ኳሷን ተቀብዬ፣ ፊቴን ወደ ራሴ ጎል አዙሬ፣ መሮጥ ጀመርሁ።